በየቀኑ የሚነገር መርዶ

መርዶ አነጋገር ያደግንበት ሥርዓት ነው። ወሬውን የሰማ ሰው ብቻውን ሮጦ አይናገርም። ጎረቤት ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመከራል፣ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል፣ ለባለ ሐዘኑ ደግፎ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያ ቃል በሰው ልብ ላይ የሚያደርሰውን ስለምናውቅ ነው።

አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ አንድ ቤት አለ እንበል። ከዶርዜ ደጋ ወደ ልጃቸው የመጡ የ78 ዓመት እናት ማምሻውን በሩን በሩን እያዩ፣ «አባትሽ ከገበያ አልተመለሰም እንዴ?» ይላሉ። ልጅ ወጥ እያማሰለች፣ «እማዬ፣ አባዬ ከሞተ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» ትላለች። እናት ይደነግጣሉ፤ ያለቅሳሉ። ለእሳቸው ገና አሁን የተሰማ ወሬ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልቅሶውም ምክንያቱም ይጠፋና ጥያቄው ይመለሳል፤ መልሱም እንደ ቀድሞው። ልጅቱ እናቷን ትወዳለች፣ የምትናገረውም እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ መርዶ ታረዳለች፣ ያውም ያለ ሽማግሌና ያለ ጎረቤት።

ይህችን ልጅ ሌላ መልስ እንዳለ ማንም አላስተማራትም። ትምህርቱ ግን አለ፤ ብዙው ክፍልም በኪሷ ባለው ስልክ ሊደርሳት ይችላል። መጀመሪያ ግን ሕመሙን እንወቀው።

በአማርኛ «ጃጁ» እንላለን። ቃሉ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ነገሩን ስለሚዘጋው እፈራዋለሁ፤ «ጃጅተዋል» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ የለም፣ ሐኪም ዘንድ የሚወስድም የለም። ዶርዜ ባለበት በጋሞ ደጋ ደግሞ የተጣሰ ጎሜ ይኖር ይሆን ብሎ የሚመረምር ቤተሰብ አለ፤ ወግ ሲተላለፍ መከራ ይመጣል የሚለው እምነት በአካባቢው ሥር የሰደደ ነውና። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል፤ በተለምዶ የመርሳት በሽታ የምንለው ነው። እርጅና ራሱ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው 90 ዓመት አልፎትም የልጅ ልጆቹን ስም እስከነ አባታቸው ይጠራል። ዲሜንሺያ የአንጎል ሴሎች በተለያዩ በሽታዎች እየተጎዱ ሲሄዱ የሚመጣ ነው፤ ከሁሉ የሚበዛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሲሆን፣ ከ100 ሕሙማን 60 እስከ 70 የሚሆኑት ይህ ነው ያለባቸው። ሁለተኛው የአንጎል የደም ሥር ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ ለዚህኛው ያልታከመ የደም ግፊት ትልቅ በር ከፋች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖር ነበር፤ ከ60 በመቶ የሚበልጠው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ነው።

እናት ለምን ባላቸውን ይጠብቃሉ? በአልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው። የዛሬ ጠዋት ቁርስ አይመዘገብም፤ የዛሬ 40 ዓመት የገበያ ቀን ግን ተጽፎ ያለቀ ስለሆነ ይቆያል። የኋለኛው ገጽ እየተቀደደ ሲሄድ ሰው የሚኖረው በተረፈው ገጽ ላይ ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ ባል በሕይወት አለ፣ ከገበያም ይመለሳል። እናት አልዋሹም፣ ግትርም አልሆኑም። አሥር ጊዜ ቢታረሙም እርማቱ ራሱ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የሚቀረው ስሜቱ ነው። ምን እንዳስለቀሳቸው ከረሱ በኋላም ልባቸው እንደ ከበደው ያመሻሉ።

ወደ ስልኩ ከመሄዳችን በፊት የጤና ተቋም ይቀድማል፤ ይህን የማይዘል ቤተሰብ እንዲኖር እመኛለሁ። ዲሜንሺያ የሚመስሉ ግን የሚታከሙ ነገሮች አሉ፦ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ከመውደቅ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም፣ የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት። በተለይ እንደ አርባ ምንጭ ባለ ወባማ ቆላ፣ ትናንት ደህና የነበሩ ሽማግሌ ዛሬ ቢቀባዥሩ ያ ዲሜንሺያ አይደለም፤ ወባ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያቸው። ዲሜንሺያ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት አይመጣም፤ በወራትና በዓመታት ነው የሚገባው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ልጅ አብራ ትግባ። ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ እናት «ከ100 ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ» ቢባሉና ቢያቅታቸው ምንም አይገልጽም። 10/66 የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ላልተማሩ ሰዎችም የሚሆን መመዘኛ ሲያዘጋጅ ከታማሚው ጋር ቅርብ ቤተሰብን እንዲጠይቅ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የቡድኑ ስም ራሱ ቁጭት አለበት፦ ከሕሙማኑ 66 በመቶ በታዳጊ አገሮች እያሉ በነዚህ አገሮች ላይ የሚደረገው ጥናት ከ10 በመቶ በታች መሆኑን ለማስታወስ የወጣ ነው። እንግዲህ ልጅ የምትመሰክረው፣ «ቡና ሲያፈሉ ረከቦት ፊት ተቀምጠው ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይጠፋቸዋል» ብላ፣ ከማንኛውም ቁጥር በላይ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 «አይሰፖርት» የተባለ የአስታማሚዎች ትምህርት አወጣ። በኢንተርኔት ለብቻ የሚጠና ሲሆን ታትሞ በመጽሐፍ መልክም ይገኛል። በ5 ክፍሎች 23 ትምህርቶች አሉት፤ ስለ ሕመሙ ምንነት ይጀምርና ስለ ማስታመም፣ አስታማሚው ራሱን ስለ መጠበቅ፣ ስለ ማብላት ማጠብና ማልበስ፣ በመጨረሻም ስለ ጠባይ መለወጥ ያስተምራል። በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲም ከ2013 ጀምሮ ስለ ዲሜንሺያ ነጻ የኢንተርኔት ኮርስ ይሰጣል፤ እንግሊዝኛ ለሚችል የቤተሰብ አባል መልካም መነሻ ነው።

የአይሰፖርት አካሄድ ቀላል ነው። አጭር ታሪክ ይነገራል፣ ጥያቄ ይቀርባል፣ ተማሪው መልስ ይመርጣል፣ ለምን ልክ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ይብራራለታል። የሲቀላውን ቤት በዚህ መንገድ እናስተምረው። እናት «አባትሽ አልመጣም?» ሲሉ ልጅ እውነቱን ትንገራቸው? «አሁን ይመጣል» ትበል? ወይስ ሌላ?

የመጀመሪያውን አይተነዋል። ሁለተኛው ሰላም ያወርዳል፣ ግን ብዙ ልጆች እናታቸውን መዋሸት ይከብዳቸዋል፤ ቄሱም ፓስተሩም የሚሉትን እያሰቡ ይጨነቃሉ። ጭንቀቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱም ያወጣል፦ ጥያቄውን ትቶ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን ስሜት መመለስ። «አባዬ ናፈቀሽ እማዬ? ከገበያ ሲመጣ ምን ያመጣልሽ ነበር?» እዚህ ውስጥ ውሸት የለም፤ መርዶም የለም። እናት ስለሚወዱት ሰው ይናገራሉ፣ ልጅም አባቷን ትሰማለች።

«ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ልጅ «ቤትሽ እኮ ይኸው ነው» ብትል ለእሷ እውነት ነው። ለእናት ግን ቤት ማለት ከቀርከሃ ተሠርቶ ሽቅብ የተለጠጠው፣ እንሰት የከበበው፣ ጭስ ጭስ የሚሸት የዶርዜ ቤት ነው። ዶርዜ ያለበት የጨንቻ አካባቢ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ያለ ብርድና ጉም ነው፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ወደ 1,300 ዝቅ ያለ ሙቀት፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የብሎኬት ግድግዳ። ሰውነታቸው ቤቱ እንዳልሆነ ያውቃል። ታዲያ ከክርክር ይልቅ ጋቢያቸውን ደርቦ እስከ ደጅ አብሮ መሄድ፣ ስለ ደጋው ማውራት፣ ቆጮ መጋገር ይሻላል። አመሻሽ ላይ ሁከቱ ስለሚብስ መብራት ቀደም ብሎ ማብራት፣ ቴሌቪዥኑን መቀነስም ይረዳል።

ይህ ትምህርት ሁሉንም ይፈታል ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም። አይሰፖርት ሕንድ ውስጥ ሲሞከር ከጀመሩት አስታማሚዎች ብዙዎቹ ሳይጨርሱ ቀርተዋል፤ የጨረሱት ለሕመምተኛው ያላቸው አመለካከት ቢሻሻልም ሸክማቸው እንደ ቀለለ ግን ጥናቱ አላሳየም። አልገረመኝም። ቀኑን ሙሉ ስታነሳና ስታጥብ የዋለች ሴት ሌሊት ላይ ዳታ ገዝታ ብቻዋን አንብቢ ብትባል እንቅልፍ ይወስዳታል። ሸክሙን የሚያቀለው እውቀቱ ለብዙ ሰው ሲዳረስ ነው፤ የጋሞ ቤተሰብ ደግሞ ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው።

ከደጋው የወጡ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሰፈሩ ትውልድ አልፏል። የእኚህ እናት ወንድ ልጅም እዚያ ነው እንበል። በየወሩ በቴሌብር ብር ይልካል፣ እሁድ እሁድ ይደውላል፣ ከደወለ በኋላ ግን እህቱን፣ «እማዬ ደህና ናት እኮ፣ አንቺ ነሽ የምታጋንኚው» ይላታል። ዲሜንሺያ ያለበት ሰው ለአምስት ደቂቃ ስልክ ሰላምታውንና ምርቃቱን ከልማድ አሳምሮ ሊጨርስ ይችላል፤ የተመረቀው ልጅ ምን ጎደለ ብሎ ይጠርጥር? ወንድምና እህትን የሚያጣላው ይህች አምስት ደቂቃ ናት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ሩቅ ያለው ነው። ያመቸዋልም፦ ሸማኔ እጁና እግሩ በሥራ ቢያዝም ጆሮው ነጻ ነው። መወርወሪያውን እየወረወረ የአሥር ደቂቃ ትምህርት በድምፅ ቢሰማ፣ ማታ ደግሞ የገባውን በጋሞኛ በቴሌግራም ድምፅ ቀርጾ ለወንድምና ለእህቶቹ ቢልክ፣ ትምህርቱ ከማንበብ ወደ መስማት፣ ከሩቅ ቋንቋ ወደ ቤት ቋንቋ ተሻገረ ማለት ነው። የድምፅ መልእክት ትንሽ ዳታ ይወስዳል፤ አንዴ ከወረደም ያለ ኔትወርክ ይደመጣል። በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እንዲህ ያለ አጭር ቅጂ በስልካቸው ቢይዙ፣ ስልክ የሌለው ጎጆ ውስጥም ይሰማ ነበር።

ራሳቸው ሕመምተኞቹም ተማሪ መሆን ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው «ዲሜንሺያ አልያንስ ኢንተርናሽናል» አባላቱ ዲሜንሺያ ያለባቸው ሰዎች ናቸው፤ በቪዲዮ ጥሪ እየተገናኙ ስለ ኑሯቸው ይመካከራሉ። ሕመሙ በጀመረው ሰሞን ሰውየው ብዙ ያውቃል፣ ብዙም ይወስናል፤ ስለ መሬቱ፣ ስለ ኑዛዜው፣ ማን እንዲያጥበው እንደሚፈልግ መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው። ቀጠሮና መድኃኒት በድምፅ የሚያስታውስ ስልክም ይጠቅመዋል።

ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። እናት ሲሳሳቱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ትምህርት አይደለም፤ ፈቃዳቸውን ሊሰጡ በማይችሉበት ሰዓት ክብራቸውን መግፈፍ ነው። ሌላው፣ በፌስቡክና በቴሌግራም «የመርሳት በሽታ በሁለት ሳምንት ይድናል» የሚል ሻጭ አይታጣም። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ለአንዳንዱ ምልክት ጥቂት ጊዜ የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱንም ሐኪም ነው የሚያዘው።

ከ23ቱ ትምህርቶች አስታማሚ ሴቶች የሚዘሉት ስለ ራሳቸው የሚያወራውን ይመስለኛል። ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ «እናቴን ማስታመም ከበደኝ» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። እድርተኛው ለቀብር ድንኳን ይዞ ይመጣል፤ በሕይወት ላለችው ልጅ ግን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከእናቷ ጋር ቢቀመጥላትና እሷ ብትተኛ ብሎ ማንም አስቦ አያውቅም። ትጠይቅ። መጠየቅም ይማሩታል።

አንድ ቀን ወንድሟ ከሽሮ ሜዳ ባዘቶ ይልካል። በአንደኛው ትምህርት እጅ የለመደው ሥራ ከስምና ከቀን በተለየ የአንጎል ክፍል ስለሚያዝ ዘግይቶ እንደሚጠፋ ሰምቶ ነው። ልጅ እንዝርቱን ለእናቷ ትሰጣለች። የማን ቤት እንዳሉ የጠፋቸው እናት ባዘቶውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ያሾሩታል፤ ክሩ ሳይበጠስ ይወርዳል። ጀንበር ስትጠልቅ እጃቸውን ሳያቆሙ፣ «አባትሽ ከገበያ አልተመለሰም እንዴ?» ይላሉ።

«ክርሽን ሲያይ ምን ይል ነበር እማዬ?»

«ቀጭን ነው ይል ነበር» ይላሉ፤ መፍተላቸውን ይቀጥላሉ።