የሣር ጎጆና የጭራሮ ጎጆ፤ በከረን ዝናብ ስለሚራቡ የረግረግ ወፎች

በሐምሌ ወር አንድ ገበሬ ወደ ልማት ጣቢያ መጥቶ «ውኃ በተኛበት ሜዳ ዳር ባለው ግራር ላይ ወፍ ሰፍሯል፤ ጎጆም ሠርቷል፤ ማሽላዬን ሳይጨርስብኝ መርዝ ይረጭልኝ» ብሎ ቢያመለክት፥ የልማት ሠራተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ነገር ነው። ጎጆው የተሠራው ከሣር ነው ወይስ ከጭራሮ? ገበሬው መልሱን ካላወቀ ሠራተኛው ራሱ ሄዶ ማየት አለበት። ከሣር የተሠራ ከሆነ የግሪሳ ወፍ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ማስታወቅ ይገባል። ከጭራሮ የተሠራ ከሆነ ግን ሳቢሳ፥ ጋጋኖ ወይም ሽመላ ነው። እነዚህ ማሽላ አይበሉም፤ የሚበሉት ማሽላውን የሚበላውን ነው። ሁለቱን ለይቶ ባለማወቅ ዛፍ ይቆረጣል፥ ጫጩት በከንቱ ያልቃል፥ ሰውና ከብት የሚጠጡት ውኃም በመርዝ ሊበከል ይችላል።

ውኃው ስለሚሰጠው ጥቅም

የጅግጅጋ ሜዳ በብዙ ስፍራ ጥቁር አፈር ነው፤ በሌላ አገር መረሬ የሚባለው ማለት ነው። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፥ ሲርስ ያብጣል። ዝናብ ሲወርድ ስንጥቁ ይገጥምና ውኃው ወደ ታች መስረጉን ያቆማል። ስለዚህ በሚያዝያና በግንቦት በጉ ዝናብ፥ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ በከረን ዝናብ፥ ከቀብሪበያህ እስከ ቶጎ ውጫሌ ባለው አገር ረባዳ በሆነው መሬት ላይ ውኃ ይተኛል። በጋ ሲገባ ይደርቃል።

አንዳንድ ሰው ይህ ውኃ ዓመቱን ሙሉ ስለማይቆይ ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። ለወፎቹ ግን ጥቅሙ በመድረቁ ነው። በየዓመቱ የሚደርቅ ውኃ ትልልቅ ዓሣ አይኖረውም፤ ስለዚህ የእንቁራሪት ግልገልና የውኃ ውስጥ ነፍሳት የሚበላቸው ሳያገኙ በጥቂት ሳምንት ይበዛሉ። ውኃው እየጎደለ ሲሄድ ይህ ሁሉ ምግብ በየኩሬው ይከማቻል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ጫጩቶቹ አድገው ብዙ የሚበሉበት ጊዜ ነው። በሜዳው ላይም ሣሩ ሲለመልም ፌንጣ ይፈላል። በውኃ መካከል የቆመ ግራር ቀበሮና የዱር ድመት እንደ ልብ የማይደርሱበት ምሽግ ነው። ወፎቹ ተሰብስበው የሚራቡትም ለዚህ ነው፤ አንዱ ጠላት ሲያይ ሁሉም ይነሣሉ፥ አንዱ ፌንጣ የበዛበትን ሜዳ ሲያገኝ ሌሎቹ ይከተሉታል።

ወፎቹን ስለ መለየት

ነጩን የከብት ሳቢሳ የማያውቅ እረኛ የለም። በከብት እግር ሥር እየተከተለ ከብቱ የሚያስነሣውን ፌንጣ ይለቅማል። በሚራባበት ወራት ግንባሩ፥ ደረቱና ጀርባው ብርቱካን የመሰለ ላባ ያወጣል። ራሰ ጥቁሩ ትልቁ ሳቢሳ ደግሞ ከውኃ ይልቅ በደረቅ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይጥና ፌንጣ ያድናል። አይጥ በማሽላ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ጋጋኖ ሰውነቱ ነጭ፥ ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው ጥቁር፥ መንቁሩም ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። በዚህ መንቁሩ ለስላሳውን አፈር እየወጋ ትልና የነፍሳት እጭ ያወጣል። ጥቁሩ ትንሽ ሽመላ፥ ሆዱ ነጭ ሆኖ ጉልበቱ ቀላ ያለው፥ ዝናብ እየተከተለ የሚኖር መንገደኛ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው አገር በዝናብ ወራት ይራባል፤ ከዚያም ወደ ደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ወርዶ የዚያን አገር ክረምት ይጠብቃል። ዝናብ ይዞ የሚመጣ ነው ብለው በጎጆ ቤታቸው ጣሪያ ላይ እንዲሠራ የሚፈቅዱለት ሕዝቦች ብዙ ናቸው። እኔም ያን ልማድ ከብዙ የምክር ጽሑፍ የበለጠ አደንቀዋለሁ፤ ይህ ሽመላ ተምችንና ፌንጣን አብዝቶ የሚበላ ወፍ ነውና።

የጅግጅጋ ከተማ ሰው በየቆሻሻ መጣያው የሚያየው አባ ኮዳም የሽመላ ወገን ነው። ነገር ግን እርሱ ብዙውን ጊዜ የሚራባው በደረቁ ወራት ስለሆነ፥ ስለ ከረን ወራት በምሰጠው ምክር ውስጥ አላስገባውም።

አሁን ወደ ግሪሳ እንምጣ። ግሪሳ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ናት፤ መንቁሯ አጭርና ወፍራም፥ ፍሬ ለመፈልፈል የተሠራ ነው። ጎጆዋ ከአረንጓዴ ሣር የተሸመነ፥ ክብ፥ በሩ በጎን የሆነ፥ ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ በአንድ እሾሃም ዛፍ ላይ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ እጅግ የበለጠ ጎጆ ተንጠልጥሎ ይገኛል። የሳቢሳ ጎጆ ግን ጭራሮ ተረብርቦ የተሠራ ክፍት መደብ ነው፤ ከታች ሆነው ሲመለከቱት ሰማይ ያሳያል። በእንቁላል ቀለም ለመለየት አትሞክሩ፤ የግሪሳም የከብት ሳቢሳም እንቁላል ሰማያዊነት አለውና ያሳስታችኋል። የሚለየው በመጠኑ ነው።

አንድ ግሪሳ በቀን የምትበላውና የምታራግፈው 10 ግራም ያህል እኽል ነው ተብሎ ይታሰባል። ይህ በአንድ ስፍራ ለሰፈረ 1 ሚሊዮን ግሪሳ በየቀኑ 100 ኩንታል ማለት ነው። ገበሬው ወፍ ባየ ቁጥር መደንገጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ድንጋጤው በማይገባው ወፍ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቅ።

ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ፥ ጫጩቶቹ አድገው ከወጡ በኋላ ከዛፉ ሥር ሂዱ። ሳቢሳና ሽመላ ያልተፈጨላቸውን ነገር እንደ ድብልብል አድርገው በአፋቸው ይተፉታል። ያን ድብልብል በእንጨት ፈርክሱት። የፌንጣ እግር፥ የጢንዚዛ ክንፍ፥ የአይጥ ጠጉር ታያላችሁ። የማሽላ ገለባ ብትፈልጉ አታገኙም። ይህን ለጎረቤቶቻችሁ አንድ ጊዜ ማሳየት ብዙ ስብሰባ ከመጥራት ይሻላል።

ነገሩን ግን አላጋንንም። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. ክልሉን ክፉኛ እንደ ጎዳው ያለ የበረሃ አንበጣ በመጣ ጊዜ ሽመላ አያድናችሁም። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖረው ይችላል፤ ያን የሚጨርስ ወፍ የለም። የወፎቹ ሥራ ወሬ በማይወራበት ዓመት፥ በየቀኑ፥ በየማሳው የሚሠራ ሥራ ነው።

ቀኑን ስለ መቁጠር

የጭራሮው ጎጆ ባለቤቶች ከእናንተ የሚፈልጉት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። የከብት ሳቢሳ እንቁላሉን 24 ቀን ያህል ይታቀፋል፤ ጫጩቱ ለመብረር 30 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ጋጋኖ 28 ቀን ያህል ታቅፎ፥ ጫጩቱ በ35 እና በ40 ቀን መካከል ይበራል። ጥቁሩ ሽመላ ከሁሉ ይዘገያል፤ አንድ ወር ያህል ይታቀፋል፥ ከዚያም ጫጩቱ ከ50 እስከ 60 ቀን በጎጆ ይቆያል። ጎጆ የሚሠሩበትን ጊዜ ጨምረን ስንቈጥረው፥ በሐምሌ መጀመሪያ የጀመረ መንጋ ሳቢሳው በመስከረም፥ ሽመላው በጥቅምት መጀመሪያ ሥራውን ይፈጽማል። ስለዚህ ወፎቹ ጭራሮ ሲያመላልሱ ያያችሁበትን የመጀመሪያ ቀን ጽፋችሁ ያዙ።

ከእነዚህ ሳምንቶች ሁሉ የሚያሠጋው የመጀመሪያው ወር ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ወደ ዛፉ ቢቀርብ ወፎቹ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ እንቁላሉ በፀሐይ ይበስላል፥ ቁራም ይለቅመዋል፤ ደጋግሞ ቢነካባቸው ዛፉን ለዓመቱ ጥለውት ይሄዳሉ። ልጆች ከ100 ሜትር ባላነሰ ርቀት ሆነው ቢመለከቱ ይበቃቸዋል። ግራሩንም ለከሰል ብላችሁ አትቊረጡ። የአንድ ግራር ከሰል በጥቂት ቀን ተሸጦ ያልቃል፤ ጎጆ ለመሸከም የሚችል ግራር ግን በብዙ ዓመት የሚያድግ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ውኃው ከጊዜው በፊት ማለቁ ነው። ምግቡ ከጠፋ ወላጆቹ መብረር ያልቻለውን ጫጩት ትተው ይሄዳሉ። ዛሬ አንድ ትንሽ የውኃ መሳቢያ ሞተር ረባዳውን በጥቂት ቀን ሊያደርቀው ይችላል። ከጅግጅጋ በሐረር በኩል ወደ ምዕራብ ስትሄዱ የምታገኙት የሐረማያ ሐይቅ እንኳን፥ እንደ ረባዳ ውኃ በዓመቱ የማይደርቅ ትልቅ ሐይቅ ሳለ፥ ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር ሲሳብ፥ ለሐረር ከተማ መጠጥ ሲቀዳ፥ ከዳገቱ የታጠበ አፈርም ሲሞላበት ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ፈጽሞ ደረቀ። የውኃ ወፎቹም ከውኃው ጋር ሄዱ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶ በመታየቱ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ሐይቅ ያልቻለውን ረባዳ ይችላል ብላችሁ አትጠብቁ። ለአትክልት ውኃ የምትስቡ ከሆነ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ከረባዳው ሲሶውን እንኳን ሳትነኩ ተዉ።

መርዝን ስለ መጠንቀቅ

ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መርዝ፥ በገበያ ስሙ ክዌሌቶክስ፥ ወፍን ሁሉ ይገድላል፤ ይህን ወፍ ያን ወፍ ብሎ አይመርጥም። የአየር ርጭቱን የሚያካሂደው በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ከግብርና መሥሪያ ቤቶች ጋር በመሆን ነው። አውሮፕላኑ የሚመጣው ከመሬት በደረሰው ወሬ ስለሆነ ወሬው የተጣራ መሆን አለበት። የግሪሳውን ሰፈር የሚያስታውቅ ሠራተኛ በአጠገቡ ውኃ መኖሩን፥ ውኃውን ሰው የሚጠጣው መሆኑን፥ የጭራሮ ጎጆም በምን ያህል ርቀት እንዳለ አብሮ ይጻፍ። ከርጭት በኋላ የሞተውን ወይም የሚንፈራገጠውን ግሪሳ የበላ ንስር፥ ጭልፊትና አባ ኮዳ አብሮ ይሞታል። ሰውም የሞተ ግሪሳ ለቅሞ እንዳይበላ፥ ከብትም ለርጭት ከተመደበው ስፍራ እንዲርቅ ዓርብ ከስግደት በኋላ በመስጊድ ቢነገር ሁሉ ይሰማል።

ገበሬው ራሱ በጀርባ መርጫ በተምች ላይ የሚረጨውም እንዲሁ ነው። መርጫውን በረባዳው ውኃ ፈጽሞ አትጠቡ።

ወፎቹም ጥፋት አላቸው

ኩሳቸው ብዙ ነው። ከጎጆው ሥር ያለውን ውኃ ለመጠጥ አትቅዱ፤ ከሌላው ዳር የቀዳችሁትንም አፍሉት። ኩሱ ከዓመት ዓመት ሲወርድበት ዛፉን ሊያደርቀው ይችላል። ወፎቹ ከሄዱና ውኃው ከሸሸ በኋላ ያን ኩስ ሰብስባችሁ ከከብት ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ ብታበሰብሱት ለማሳ መልካም ማዳበሪያ ነው፤ ሲሰበስቡ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። ትልቁ ሳቢሳ የዶሮ ጫጩት አይነካም ብዬ አልምልም፤ በእነዚያ ወራት ጫጩቶቻችሁን በእሾህ አጥር ውስጥ አቆዩ። ብዙ ወፍ በአንድ ጊዜ ሞቶ ብታገኙ በእጃችሁ ሳትነኩ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

ከባዱ ነገር የግጦሹ ነው። ሣሩ የለመለመው በረባዳው ዳር ነው፤ ወፎቹም ያሉት በዚያው ነው። ይህን በስምምነት ስለ መፍታት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ ከሆለታ ባሻገር ያለውን የበርጋን ረግረግ ልጥቀስ። በዚያ በ1989 ዓ.ም. በዓለም እጅግ ጥቂት የቀረ፥ ክንፉ ነጭ የሆነ ትንሽ የረግረግ ወፍ ሲራባ ተገኘ። ይህ ወፍ በሣር ውስጥ ተደብቆ የሚኖር እንጂ እንደ ሳቢሳ በመንጋ የሚራባ አይደለም፤ ነገር ግን ችግሩ አንድ ነው፤ ክረምቱ ለወፉም ለከብቱም ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ረግረጉን የሚጠብቅ ቡድን አቋቋሙ፤ ለልጆቻቸውም በዚያው ትምህርት ቤት ተሠራላቸው።

በእናንተ ዘንድ ለዚህ አዲስ ቡድን ማቋቋም የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ የውኃና የግጦሽ ተራ የሚወስኑ ሽማግሌዎች አሉና። የልማት ሠራተኛው በሰኔ መጨረሻ፥ ወፎቹ ሳይመጡ፥ ሽማግሌዎቹን ወደ ረባዳው ይዞ ይሂድ። አምና ጎጆ የነበረባቸውን ግራሮች ይቊጠሩ፤ ከብት በየትኛው በኩል ወርዶ እንደሚጠጣ፥ የትኛው ዳር እስከ መስከረም መጨረሻ እንደሚከለል በዚያው ቆመው ይስማሙ። ከዚያ በኋላ በቀበሌው መዝገብ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ የተከለለው ዳር፥ ጭራሮ መመላለስ የጀመረበት ቀን፥ የመጨረሻው ጫጩት የበረረበት ቀን።