ጾም፣ ሕዋስና እርጅና

ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር የኖቤል የሕክምና ሽልማት ካገኙ ወዲህ፣ «ጾም ዕድሜ እንደሚያስረዝም ሳይንስ አረጋገጠ» የሚል ቃል በስብከት መካከል ሳይቀር አልፎ አልፎ ይሰማል። ሊቁ ያጠኑት የእርሾን ሕዋስ ነው። ሕዋሱ ምግብ ሲያጣ ያረጀውንና የተበላሸውን የገዛ ክፍሉን ይፈጫል፤ ከተፈጨውም አዲስ ይሠራል። ይህ ሥራ ኦቶፋጂ ይባላል። በሰው ሕዋስም ውስጥ አለ፤ በእርጅና ጊዜ ግን እየደከመ ይሄዳል። ግኝቱ ታላቅ ነው፤ ሆኖም የጾመ ሁሉ ዕድሜው እንደሚረዝም አያስረዳም። ጾማችንም ለዕድሜ ተብሎ አልተሠራም።

ሰበካ ጉባኤን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የአረጋውያን ማዕድ ነው። በእርጅና ጡንቻ ይመነምናልና አረጋዊ ገንቢ ምግብ ከጎልማሳ ባላነሰ ያስፈልገዋል። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት የጾሙን ወራት በዳቦና በሻይ ብቻ ቢያሳልፉ፣ ድካማቸውን የሚያመጣው የማዕዱ መጉደል ነው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይህን ይሞላሉ። ቫይታሚን ቢ12 ግን በእህልና በጥራጥሬ አይገኝም፤ ምንጩ ወተት፣ ዕንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ ነው። የአረጋውያን ጨጓራም ብዙ ጊዜ በሚገባ አያዘጋጀውም። ጉድለቱ የደም ማነስን፣ የእግር መደንዘዝንና መርሳትን ያመጣል፤ «እርጅና ነው» ተብሎም ይታለፋል። በጊዜ ከታወቀ በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል።

እንግዲህ ጠያቂ ኮሚቴው አረጋውያንን ሲጎበኝ ትናንት ምን እንደ በሉ ይጠይቅ፤ እግር የሚደነዝዛቸውንም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስ። የንስሐ አባቶችም ለሕሙማን የሚሰጠውን ፈቃድ ሳይለመኑ ቢያስታውሷቸው መልካም ነው፤ አብዛኞቹ አረጋውያን በራሳቸው አፍ አይጠይቁምና።