የ12ኛ ክፍል ውጤት ዝቅ ብሎባችሁ ሥራ ላይ ላላችሁ፦ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ማንበብ ለምን አይሠራም?



ከእስቴ መካነ ኢየሱስ አንዲት እህታችን እንዲህ ስትል ጠይቃናለች፦ «ዶክተር፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና 38 ከመቶ ነው ያመጣሁት። ዘንድሮ በግል ልፈተን ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሱቅ እሠራለሁ፣ ከዚያ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት አነባለሁ። ያነበብኩት ግን ጠዋት ላይ የለም። ጭንቅላቴን አሞኝ ይሆን?»

እህቴ፣ ከጻፍሽው እንደተረዳሁት የጎደለሽ እንቅልፍ ነው። እንዳንቺ ያሉ ብዙ ስለሆኑ መልሱን ለሁሉም እንጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ውጤቱ። በ2015 ዓ.ም ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፤ 3.2 ከመቶ ማለት ነው። በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። በዚህ ላይ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «እኔ ሰነፍ ነኝ» የሚለውን ተዉት፤ እውነትም አይደለም፣ ለማጥናትም አይጠቅምም።

አሁን ወደ እንቅልፍ። ቀን ያየነውንና ያነበብነውን አእምሯችን አጽንቶ የሚያስቀምጠው ስንተኛ ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 የሚተኛ ሰው 4 ሰዓት ነው ያገኘው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ዓይኑ መስመሩን ይከተላል እንጂ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

እኔ የምመክረው ማታ እራት በልቶ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መተኛት፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነስቶ እስከ 12 ተኩል ማጥናት ነው። 7 ሰዓት ተኛሽ፣ 2 ሰዓት አጠናሽ። «ከ6 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት?» ትሉኛላችሁ። አዎ! በነቃ ጭንቅላት ነዋ። ማለዳ መነሳት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፋኖሱን ወይም ባትሪውን ማታውኑ አዘጋጁ።

ሁለተኛው ነገር የአጠናን ዘዴ ነው። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። አንድ ገጽ አንብባችሁ ደብተሩን ዝጉና ያስታወሳችሁትን ጻፉ። የከበዳችሁን ጥያቄ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደንበኛ ሲጠፋ መልሱን ሳታዩ ሞክሩት። ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። የትኛው ትምህርት እንደጣላችሁም ውጤታችሁን በየትምህርቱ እዩ። እኛ ሐኪሞች የላብራቶሪ ውጤት ሳናይ መድኃኒት አናዝም፤ እናንተም ሁሉንም መጽሐፍ ከገጽ 1 አትጀምሩ። አፕቲትዩድ በተለይ የሚሸመደድ ነገር የለውም፣ የድሮ ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት ነው።

ቡና የምትወዱ (ማን የማይወድ አለ!) ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ባትጠጡ ይመረጣል። ካፌይን ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ይቆያል። ጫት ደግሞ ያነቃ ይመስላል እንጂ የሚበደረው ከእንቅልፋችሁ ነው።

በቂ ተኝታችሁም ድካሙ ካልለቀቀ ተመርመሩ። በወር አበባ ብዙ ደም የሚፈሳቸው ሴቶች ደም ማነስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ምልክቱ ድካም፣ ማዞርና ትኩረት ማጣት ነው። ቡናና ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ። ስታነቡ ራሳችሁን የሚያማችሁ ወይም ፊደሉ የሚደበዝዝባችሁ ዓይናችሁን ታዩ። መነጽር ብቻ የሚፈታው ችግር «አይገባኝም» ተብሎ ዓመታት ሲያልፉበት አይተናል።

በመጨረሻ፣ ይህን አትዝለሉት። ከውጤቱ በኋላ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሐዘኑ ካልለቀቃችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ከሰው ከሸሻችሁ፣ በተለይ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩና በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ሕክምና አለው። ወላጆችም እባካችሁ፣ «የእገሌ ልጅ አለፈ» የሚለውን ንግግር ለጊዜው ከቤት አስወጡት፤ ልጁ በሰዓቱ ተኝቶ ስታዩም «ሰነፈ» አትበሉ።