መሣሪያው ስኳር አይቀምስም፦ ፍሬን ሳይጎዱ ብስለቱን በኤሌክትሪክ ስለመለካት
ለየካ ክፍለ ከተማና ለእንጦጦ ተዳፋት የፍራፍሬ አምራቾች የተዘጋጀ ምክር

ሾላ ገበያ ኮክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በአውራ ጣቱ ጫን ማለት ነው። ሁለተኛውም ገዢ ይጫነዋል፣ ሦስተኛውም። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ለዕለቱ ምንም አይመስልም፤ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ግን ልጣጩ ሥር ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ መበስበሱም ከዚያው ይጀምራል። አምራቹም ዛፉ ሥር ቆሞ የሚያማክረው ይህንኑ ጣት ነው። እንግዲህ ፍሬን ሳይነኩ ያህል ብስለቱን ይናገራሉ የተባሉ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ሲነሡ ጆሮ ቢቆም አይገርምም። መለኪያዎቹ በእርግጥ ይሠራሉ። ነገር ግን የሚጠቅሙት ንባባቸውን በገዛ ዛፉ ፍሬ ላይ፣ በቢላ ላመሳከረ አምራች ነው፤ ከካርቶን አውጥቶ ቁጥሩን ለሚያምን ሰው ከጣቱ የተሻለ ነገር አይሰጡትም።

በአማርኛችን «ደረሰ» እና «በሰለ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ገበያ ስንወጣ ግን አንድ እናደርጋቸዋለን። የደረሰ ፍሬ ቢቆረጥም መብሰሉን ራሱ ይጨርሳል፤ የበሰለ ፍሬ ዛሬውኑ የሚበላ ነው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ፖም፣ ኮክና ፕሪም ከዛፍ ከወረዱ በኋላም ኤትሊን የተባለውን ጋዝ እያመነጩ መብሰላቸውን ይቀጥላሉ። ብርቱካንና ሎሚ ግን ጣዕማቸው በተቆረጡበት ቀን እንደነበረ ይቀራል፤ ልጣጫቸው ቢጫ ቢሆን እንኳ ውስጣቸው አይጣፍጥም። ከሁሉም አሳሳቹ አቮካዶ ነው። ዛፍ ላይ እያለ ስለማይለሰልስ ጣት ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለጋውም የደረሰውም እኩል ድንጋይ ነው። ለጋው ግን ቤት ሲቀመጥ ይጨማደዳል፣ ሥጋው ጎማ ይሆናል፣ ገዢውም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሻጭ ጋ ይሄዳል። ስለዚህ የአምራቹ ጥያቄ «ደርሷል ወይ?» ነው። «በስሏል ወይ?» የነጋዴውና የጁስ ቤቱ ጥያቄ ነው። መለኪያ ከመመረጡ በፊት መልስ የሚፈለገው ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ይለይ።

የኤሌክትሪክ መለኪያ ስኳር አይቀምስም። የሚያየው ውኃን፣ በውኃው የሟሙ ጨዎችንና የሕዋሳቱን ሽፋን ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ጫፎች ልጣጩን በግራና በቀኝ ይነካሉ፤ በባትሪ የሚሠራ፣ እጅ እንኳ የማይሰማው ደካማ ኮረንቲ በፍሬው ውስጥ ይመላለሳል። በዝግታ ሲመላለስ የጥሬ ፍሬ ሕዋሳት ሽፋናቸው ጤነኛ ስለሆነ አያስገቡትም፤ በመካከላቸው ባለው ጠባብ መንገድ ዞሮ ያልፋል። በፍጥነት ሲመላለስ ግን ሽፋኑንም ተሻግሮ ይሄዳል። ፍሬው እየበሰለ ሲመጣ ሽፋኑ ይላላል፣ የሕዋሱ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ የሁለቱ ንባቦች ልዩነትም ይጠባል። መሣሪያው ብስለት ብሎ የሚያወራው ይህንን መጥበብ ነው። አቮካዶ ላይ ደግሞ ሌላ በር አለ። ኤሌክትሪክን በመያዝ ችሎታ አየር 1 ቢባል ውኃ 80 ገደማ፣ ዘይት ግን 3 ገደማ ነው። አቮካዶ እየደረሰ ሲሄድ ዘይቱ ይጨምራል፣ ውኃው ይቀንሳል፤ ንባቡም አብሮ ይወርዳል። የእህልና የቡና እርጥበት በየመጋዘኑ የሚለካባቸው ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ችግሩ ያለው ጋራው ላይ ነው። ከመገናኛ አካባቢ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የእንጦጦ አናት ሲወጣ ብርዱ ይለወጣል፤ አቮካዶ ዝቅ ባለው ግቢ ይቀራል፣ ሽቅብ ሲኬድ ተራው የፖም፣ የኮክና የፕሪም ነው። ጨው ያለበት ፈሳሽ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ኮረንቲ የማሳለፍ አቅሙ በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማለዳ 8 ዲግሪ የነበረ ፍሬ ከሰዓት በኋላ 22 ዲግሪ ቢደርስ፣ ምንም ሳይበስል ንባቡ ከሩብ በላይ ይለወጣል ማለት ነው። አምራቹ በግማሽ ቀን የበሰለ ይመስለዋል። ጤዛና የክረምት ጉም ደግሞ ልጣጩን ያረጥቡታል፤ ኮረንቲውም ውስጥ በመግባት ፈንታ በእርጥቡ ልጣጭ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ፍሬው በጨርቅ ይድረቅ፣ ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ልኬቱም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሁን። የኮክ ጸጉራም ልጣጭ ከጫፎቹ ጋር በደንብ ስለማይገናኝ ጫፎቹ ላይ የሚቀባ ቅባት ወይም እርጥብ ስፖንጅ ያስፈልጋል፤ እርጥበቱ ግን ከጫፎቹ ሥር እንዳይወጣ። መርፌ የሚወጋውን ዓይነት መሣሪያ ለሚሸጥ ፍሬ አልመክርም። ቀዳዳው የሻጋታ በር ነው።

ማመሳከሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ዝርያ ለጋውም የደረሰውም የሚገኝበት 20 ፍሬ ተለቅሞ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይለካል፣ ንባቡ ይጻፋል። ከዚያ ሁሉም ይቆረጣሉ። ኮክ ከሆነ ዘሩ አጠገብ ያለው ሥጋ አረንጓዴ መሆን አለመሆኑ ይታያል፣ ይቀመሳል። አቮካዶ ከሆነ ተፈግፍጎ ይመዘናል፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቃል፣ እንደገና ይመዘናል፤ ለሃስ ዝርያ ብዙ ገዢዎች ከ21 እስከ 23 በመቶ የሚደርስ ደረቅ ክብደት ይፈልጋሉ። ንባቡና ቢላው የተስማሙበት ቁጥር የዚያ ዝርያ መቁረጫ ምልክት ይሆናል። ለሌላ ዝርያ አይሠራም፣ ለጎረቤት ዛፍም እርግጠኛ አይደለም።

«ታዲያ 20 ፍሬ ቆርጬ ከሆነ መሣሪያው ምን ሊረባኝ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢላ የሚናገረው ስለ ቆረጠው ፍሬ ብቻ ነው፤ አንድ ዛፍ ላይ ግን ፀሐይ ያገኘውና ጥላ ውስጥ ያደገው እኩል አይደርሱም። መሣሪያው ከተመሳከረ በኋላ ቀሪውን አንድ በአንድ ይለያል፣ የተለየውም ሳይጎዳ ይሸጣል። ይህ ትርፍ የሚታየው ግን ፍሬው ብዙ ሲሆን ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት የፖም ዛፍ ብቻ ያለው ሰው ገንዘቡን ይያዝ። ለእሱ የፋርማሲ አዮዲን ይበቃዋል፦ ሁለት ቦታ የተከፈለ ፖም ሲቀባ ስታርች ያለበት ይጠቁራል፣ ስታርቹ ወደ ስኳር የተለወጠበት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ነጩ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ልጣጩ ሲሰፋ መልቀሚያው ደርሷል። የተቀባው ፖም አይበላም፣ ይጣላል።

ዛፋቸው ብዙ የሆነ ጎረቤታሞች ግን ተዋጥተው አንድ መለኪያ ቢይዙ ምክንያታዊ ነው። ከመክፈላቸው በፊት አንድ ፈተና ያድርጉለት። አንድ ፍሬ ማለዳ ይለካ፤ ያው ፍሬ ከሰዓት በኋላ ሞቅ ሲል ይደገም። ሁለቱ ቁጥሮች ከተራራቁና መሣሪያው ሙቀቱን አስልቶ የሚያርምበት መንገድ ከሌለው ለእንጦጦ አየር አልተሠራምና ለሻጩ ይመለስለት።