የአያት ጠብመንጃ በምን ይታጠብ?

ጨው በቅቤ አይሟሟም፤ የቅቤ እድፍም በውሃ ብቻ አይለቅም። ይህን ሁላችንም ከእናቶቻችን ጓዳ እናውቀዋለን። ዳሩ ግን በጓዳ ያወቅነውን በኬሚስትሪ ክፍል ስንሰማው እንግዳ ይሆንብናል፤ በክፍል የተማርነውንም አገር ቤት ስንገባ እንረሳዋለን። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን እንዲህ ያለው መርሳት በራሳችን ላይ ደርሶ ማየታችን ነው።

ከጥምቀት በኋላ በነበረን ዕረፍት ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ወደ ሐይቅ ሄደን ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ተሳለምን። ቦታው ቀድሞ ደሴት የነበረ ሲሆን ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ በእግር ይገባል። ገዳሙ የወንዶች በመሆኑ ከደጅ የቀሩት እኅቶቻችን ከአንድ አዛውንት ቤት ተቀምጠው ቆዩን፤ እኛም ስንመለስ ከዚያው ዐረፍን። ቡናው እስኪፈላ ዓይናችን ከግድግዳው ላይ በተሰቀለ ረጅም ጠብመንጃ ላይ ዐረፈ። ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚለኮስ፣ የአያታቸው ጠብመንጃ ነበር።

«በየዓመቱ ለጥምቀት አንድ ጊዜ አጮኸዋለሁ» አሉን። «ከዚያ በላምባ አጥቤ ዘይት እቀባዋለሁ። ወታደር ሳለሁ የተማርሁት እንዲህ ነው። ነገር ግን ልጆቼ፣ ዝገቱ አልለቅ አለኝ። ለልጅ ልጄ የማወርሰው ይኸው ነበር፤ አሁንማ ውስጡ ተበልቶ ፈንድቶ እንዳይጎዳው እሰጋለሁ።»

ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ በውሃ ሞክረው ያውቃሉ?» ቢላቸው «ውሃና ብረት ምን አገናኛቸው!» ብለው ሳቁ። ከእኛም የሚበዙት አብረው ሳቁ። ሁላችንም ስለ ማሟሟት የተማርን መሆናችንን እዚህ ላይ መናገር ያሳፍራል።

እንግዲህ ነገሩን በሙከራ ለመለየት ተስማማን። በመጀመሪያ ጠብመንጃው አለመጉረሱን አረጋገጥን። መወልወያውን በአፈሙዙ እስከ መጨረሻው አስገብተን በአፉ ልክ ምልክት አደረግንበት፤ አውጥተንም በውጭ በኩል ከብረቱ ጋር አስተያየነው። ጫፉ ቆቡ ከሚቀመጥበት ሥር ድረስ ከደረሰ ባዶ ነው፤ ካጠረ ግን ጉርሻ አለበት ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለባለሙያ መስጠት እንጂ መነካካት አይገባም። ባዶ መሆኑን ካየን በኋላ ላምባ የነካ ጨርቅ በመወልወያው እየላክን ወለወልነው። የመጀመሪያዎቹ ጨርቆች ጠቆሩ፤ ኋላ ግን ነጭ ሆነው ወጡ። አዛውንቱ «ይኸው ጠራ!» አሉ። ወዲያው በፈላ ውሃ የራሰ ጨርቅ ብንልክ እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ።

የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥቁር ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። የተለመደው ልክ ከ100 እጅ 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። ሲቃጠል ሁሉም ጋዝ ሆኖ አይወጣም። ኖብልና ኤብል የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በብሪታንያ ባደረጉት ምርምር፣ ከባሩዱ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ሆኖ እንደሚቀር አሳይተዋል። ይህም ጠጣር በአብዛኛው ፖታሲየም ካርቦኔት፣ ፖታሲየም ሰልፌትና ፖታሲየም ሰልፋይድ ነው። ከፊሉ በጢስ መልክ ሲወጣ የቀረው በብረቱ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ቆቡ ፖታሲየም ክሎሬት ያለበት እንደ ሆነም ፖታሲየም ክሎራይድ ይጨምርበታል፤ ይህም ከገበታ ጨው ጋር ዘመድ ነው።

እነዚህ ሁሉ ጨዎች ናቸው። ጨው የተሠራው የኤሌክትሪክ ሙል ካላቸው ቅንጣቶች ነው። የውሃ ሞለኪውል አንድ ጫፉ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ስለ ሆነ ቅንጣቶቹን ከብቦ ከቦታቸው ይነቅላቸዋል። ላምባ ግን የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት በመሆኑ ይህ ጠባይ የለውም፤ ሞራንና ዘይትን እንጂ ጨውን ሊያሟሟ አይችልም። አዛውንቱ በላምባ ያነሡት ዘይቱንና ልቅ የሆነውን ጥቀርሻ ብቻ ነበር። ጨዉ ከሥር ቀረ፤ በላዩም ዘይት ተቀባበት። ፖታሲየም ካርቦኔት ደግሞ ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ስለዚህ እርጥበቱ ቀስ በቀስ ወደ ጨዉ ይደርሳል፤ ብረቱም በዘይት ተሸፍኖ ሳለ ከሥሩ ይዝጋል።

ውሃው ለምን ይፈላል ብሎ ለሚጠይቅ፣ ምክንያቱ ሁለት ነው። ፖታሲየም ካርቦኔት በ20 ዲግሪ ሙቀት እንኳ በ100 ግራም ውሃ ከ100 ግራም በላይ ስለሚሟሟ አያስቸግርም። ፖታሲየም ሰልፌት ግን በዚያው ሙቀት 11 ግራም ያህል ብቻ ይሟሟል፤ ወደ መፍላት ሲቃረብ ከ20 ግራም በላይ ይሆናል። ሁለተኛው፣ የጋለ ብረት ቶሎ ይደርቃል። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍ ያለ አገር ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ለሥራው ይበቃል።

ታዲያ የላምባው ልማድ ከየት መጣ? አዛውንቱ ወታደር ሳሉ የያዙት ጠብመንጃ ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ነበር። ይህ ባሩድ በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1884 ተሠርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በእኛ አገር «ለበን» በተባለው ጠብመንጃ ወጣ። የሚተወው እድፍ አነስተኛ ሲሆን ለዘይት ነክ ማሟሟቻ ይስማማል። ስለዚህ ትምህርታቸው ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቱ ለአዲሱ መሣሪያ የወጣውን ደንብ ለአሮጌው ማዋላቸው ነው።

እድፉ ጉዳት የሚያመጣው በዝገት ብቻ አይደለም። በተከታታይ ሲተኮስ አፈሙዙን እያጠበበ አረሩን ወደ ታች መግፋት ያስቸግራል። ከሐይቅ ብዙም በማይርቀው መቅደላ ግርጌ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠብመንጃ ይዞ በኋላው በኩል ከሚጎርሰው የእንግሊዞች ስናድር ጋር ተጋጠመ። በአፈሙዝ የሚጎርሰው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲተኩስ ስናድር እስከ ዐሥር ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚመሰክሩ ብረቶች ዛሬም በየቤቱ ተሰቅለው ይገኛሉ፤ በማያውቅ እጅ ከጠፉ ግን ሁለተኛ አይገኙም።

በመጨረሻ ሥራውን በቅደም ተከተል እናስቀምጥ። አንደኛ፣ አለመጉረሱን ከላይ እንዳልነው ማረጋገጥ፤ ቆቡ የሚቀመጥባትንም ጡት መሰል ብረት የምትፈታ ከሆነ ፈትቶ ለብቻዋ ማጠብ። ሁለተኛ፣ አረሩ ብዙ ጊዜ በሞራ በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ስለሚጎረስ በፈላ ውሃው ላይ ጥቂት ሳሙና መጨመር፤ የሳሙና ሞለኪውል በአንድ ጫፉ ሞራውን፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል፤ እንዶድም ነጠላ የሚያነጻው በዚሁ ዘዴ ነው። ሦስተኛ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መወልወልና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የዝናብ ውሃ ይመረጣል፤ ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ውሃው ማዕድን ያከማቻል፤ ሲደርቅም ይተወዋል። አራተኛ፣ ብረቱ ሳይበርድ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ማድረቅ፤ ርጥብ ተትቶ ቢያድር ከላምባው የባሰ ጉዳት ይደርሳል። አምስተኛ፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ስስ ዘይት መቀባት። ከእንጨቱና ከጌጡ ላይ ግን ውሃ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያሻል። ቤንዚን እሳት የሚጠራ ስለ ሆነ ከቶ አይነካ። ለሙዚየም የተቀመጠ ዕቃም የጥበቃ ባለሙያ ሳያየው አይታጠብ።

ያን ቀን የአዛውንቱን ጠብመንጃ በዚህ ሥርዓት አጠብነው። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ከሥሩ ግን ዝገት የበላቸው ጉድጓዶች ታዩ። ውሃ ጨውን ያነሣል እንጂ የተበላ ብረት አይመልስም። ባለሙያ ሳያየው ዳግመኛ እንዳይተኩሱበት ስንነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተውም «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሳጥበው የኖርሁት ለምን ኖሯል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ግን «ውሃ ጣድ፤ አንተም ተማር» አሉት፤ ማድረቁንና ዘይት መቀባቱን በዓይናችን ፊት ደገመው።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ለበዓል ወደየአገራችን ስንመለስ ያወቅነውን ይዘን እንግባ። ስለ ማሟሟት የተማርነው ለፈተና ብቻ ከሆነ የአዛውንቱ ጥያቄ ለእኛም ነው።