የሙሴ ሚስትና የእኛ የቀለም ሚዛን

ባለፈው እሑድ በክፍላችን ያጠናነው ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 12ን ነበር። ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት በማግባቱ እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን አሙት። ማርያምም በለምጽ ተመታች፤ ቆዳዋ እንደ በረዶ ነጣ። ምንባቡ ስለ ሴቲቱ መልክ አይናገርም፤ የሚያነሣው የመጣችበትን አገር ብቻ ነው። እኛ ግን የተናቀችው ኢትዮጵያዊት የእኛ ናት ብለን፣ በማርያም መቀጣት ትንሽም ቢሆን ደስ ሳይለን አልቀረም።

ጥናቱ ወዲያው ወደ ራሳችን ዞረ። በመቂም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ልጅ ሲወለድ «ቀይ ነው ጠይም?» ተብሎ ይጠየቃል። ሙሽራ ስትታጭ ቅላቷ እንደ ሙያ ይቆጠርላታል። ከዚህ የሚከፋው ግን «ባሪያ» የሚለው ስድብ ነው። ባርነት በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በየኳስ ሜዳው ይሰማል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየትምህርት ቤታችን ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ነበር። በእነርሱም አገር ለጋብቻ በሚወጣ የጋዜጣ ማስታወቂያ «መልኳ ነጣ ያለ» ሙሽራ መፈለግ የተለመደ ነበር። ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ከተሰደዱትም ብዙዎቹ፣ በውጭ በቀለማቸው እየተናቁ፣ በቤታቸው ግን የልጆቻቸውን መልክ ማወዳደር አልተዉም።

ይበልጥ ያከራከረን የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ተጓዙ። እዚያ ሲደርሱ ጥቁር ተባሉ። የለገሡት ደም በሽታ ይኖርበታል ተብሎ በምስጢር ሲደፋ መቆየቱ በጥር 1988 ዓ.ም. ሲታወቅ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። ሆኖም ከአገር ቤት ይዘውት የሄዱት የ«ጨዋ»ና የ«ባሪያ» ልዩነት በመካከላቸው አልጠፋም። ጨዋ ነን የሚሉት ራሳቸውን ቀይ፣ ሌላውን ጥቁር ይሉ ነበር፤ በጋብቻም ይርቋቸዋል። የተገፋ ሰው እንዴት መልሶ ይገፋል? ምናልባት ከበታቹ አንድ ሰው እንዲቀርለት ይሆናል።

ይህን ስንነጋገር አንዲት እኅታችን ያልጠበቅነውን አነሣች። በትያትር ክፍላችን ሦስት ዓመት በተከታታይ ሰይጣንን ሆኖ የተጫወተው አንድ ወንድማችን ነው፤ ከሁላችንም የሚጠቁረው እርሱ ነው። «አንተ ከሰል መቀባት አያስፈልግህም» ብለን ስንስቅ እርሱም አብሮን ይስቅ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ግን አልመጣም። ሽንኩርት ነቀላ ላይ ነው እንል ነበር፤ ነቀላው ካለቀ ሰንብቷል።

ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያም አንዱ ተነሥቶ፣ ሰኔ 24 ቀን ለሚታሰበው ለሙሴ ጸሊም በምናዘጋጀው ትያትር ቅዱሱን ሆኖ ይጫወት አለ። ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ ዕዳችንን የከፈልን መሰለን። ያችው እኅታችን ግን «አሁንም እኮ በቀለሙ መረጥነው» አለች።

የትያትሩን ነገር አቆየነው። ይህ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ከመካከላችን ሁለቱ ይቅርታ ሊጠይቁት ወደ ቤቱ ሄደዋል።