የመጽሐፉ እውነተኛነት ለእምነታችን ያስፈልጋልን?

የሚነበበው ክፍል፦ ሉቃስ 1፥1-4፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥1-20።

ከደጋው አገራችን ወርደው በጅቡቲ ከተማ የሚኖሩ፥ በወደብና በንግድ ሥራ እንጀራቸውን የሚፈልጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከእነርሱ አንዱ ወጣት በራስ ዲካ እንደሚኖር አድርገን እናስብ። ማታ ከሥራው ሲመለስ፥ በዕድሜ የገፉ እስላም ጎረቤቱ በደጃፋቸው ተቀምጠው በፍቅር ይጠሩታል። «ልጄ፥ ይህ የምታነበው መጽሐፍ በሰው እጅ ተለውጧል ይባላል፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ይሉታል። ወጣቱም የሚመልሰው ቢያጣ፥ «አባባ፥ እኔ ይህን አልመረመርሁም፤ ብቻ ኢየሱስ በልቤ እንዳለ ይሰማኛል» ይላቸዋል። ሽማግሌውም፥ «ለእኔም ሃይማኖቴ በልቤ ይሰማኛል። እንግዲህ በምን እንለየው?» ይሉታል። ወጣቱ ዝም ብሎ ይገባል፤ በዚያችም ሌሊት እንቅልፍ ያጣል።

ይህ ጥያቄ በጅቡቲ ያለውን ወጣት ብቻ የሚመለከት አይደለም። በቤቱ ተቀምጦ በሰላም የሚጸልየውንም ክርስቲያን ይመለከታል። መጽሐፉ የሚናገረው ነገር በእውነት ባይሆን፥ እምነታችን ምን ይሆናል?

አንዳንዶች፥ «ልቤ ከሞቀ፥ ሕይወቴም ከታረመ ይበቃኛል» ይላሉ። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን እንዲህ አላሰበም። ለቴዎፍሎስ ሲጽፍ፥ ነገሩን ከመጀመሪያው ተከትሎ እንደ መረመረ፥ በዓይናቸው ካዩትም ሰዎች የተላለፈውን በተራ እንደ ጻፈ ይነግረዋል። ይህንም ያደረገው ቴዎፍሎስ የተማረው ቃል የጸና መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከቱም እምነቱም ባዶ እንደ ሆነ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሳይፈራ ጽፎላቸዋል። የትንሣኤውንም ምስክሮች ሲቈጥር፥ ከ500 ከሚበልጡት ወንድሞች የሚበዙት በዚያን ጊዜ በሕይወት እንዳሉ ያስታውሳል። እንዲህ የሚናገር ሰው «ሄዳችሁ ጠይቁ» እንደሚል ነው።

በወደቡ ያለው ሥራ ይህን ነገር ይገልጥልናል። በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በአዲስ አበባ የተቀመጠ ነጋዴ በጅቡቲ የደረሰውን መርከብ በዓይኑ አያይም፤ የጭነቱን ወረቀት ተቀብሎ ያምናል። በወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት ወይም አንድ ቃል ቢደገም ዕቃው አይጠፋም። ነገር ግን ከመርከቡ የወረደ ዕቃ ከሌለ፥ ወረቀቱ በወርቅ ቀለም ቢጻፍ፥ ነጋዴውም በደስታ ቢዘል ምን ይጠቅመዋል? የእምነት ጥንካሬ ባዶውን መጋዘን አይሞላውም።

ሌሎች ደግሞ በሌላው ወገን ይሳሳታሉ። «ሁሉን መርምሬ እስክጨርስ ድረስ አላምንም» ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ፊደል ያልቈጠረችው እናታችን እንዴት ትድናለች? እርስዋ ከምንጩ ቀድታ ትጠጣለች፥ ጥሟም ይረካል፤ ውኃው ከየት ተራራ እንደሚመነጭ ማወቅ አያስፈልጋትም። ነገር ግን ምንጩ ቢመረዝ፥ ያላወቀችውንም ይጎዳታል። እንግዲህ የመጽሐፉ እውነተኛነት ሊመረምረው ለማይችለው ሰው እንኳ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሰው መርማሪ እንዲሆን ግን አልታዘዘም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። መጽሐፉ ተለውጧልን? በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። መጽሐፍ በእጅ ሲገለበጥ ስሕተት ይገባበታል፤ በጥንታውያን ቅጂዎችም መካከል ልዩነት አለ። የማርቆስ ወንጌል መጨረሻ፥ ከ16፥9 ጀምሮ ያለው፥ እጅግ ጥንታውያን በሆኑት በአንዳንዶቹ የግሪክ ቅጂዎች አይገኝም። በዮሐንስ 8 ያለው የአመንዝራይቱ ሴት ታሪክም እንደዚሁ ነው። ይህን የምናውቀው ግን ቅጂዎቹ ብዙ ስለ ሆኑና እርስ በርሳቸው ስለሚመሳከሩ ነው። በግሪክ፥ በሱርስት፥ በላቲንና በግዕዝ፥ በተለያዩ ነገሥታት አገር የተበተኑትን መጻሕፍት አንድ ሰው ሰብስቦ ሁሉንም በአንድነት ሊለውጣቸው አይችልም ነበር።

ምስክሮቹም ዛሬ አሉ። ሙሉውን አዲስ ኪዳን የያዘው በሲና ገዳም የተገኘው የግሪክ መጽሐፍ በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው። በአገራችንም በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የግዕዝ ወንጌላት፥ ብራናቸው በሳይንስ ሲመረመር፥ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተዘጋጁ ሆነው ተገኝተዋል። በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሙት ባሕር አጠገብ በዋሻ የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅልልም፥ ቀድሞ ከታወቁት የዕብራይስጥ ቅጂዎች በ1000 ዓመት ያህል ይቀድማል። በአጻጻፍና በቃላት ብዙ ጥቃቅን ልዩነት ቢገኝበትም፥ ያው የኢሳይያስ ትንቢት ነው።

በአማርኛችንም እንዲሁ ሆነ። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በካይሮ 10 ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲታተም እርሱ በሕይወት አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንትም ትርጕሙን እየመረመሩ አረሙ፤ በ1954 ዓ.ም.ም አዲስ ትርጕም ወጣ። ቃሉ ተስተካከለ እንጂ፥ የተሰቀለውና የተነሣው ጌታ በሌላ አልተተካም።

ነገር ግን ከዚህ እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። እነዚህ ብራናዎች ምስክሮቹ የተናገሩት ቃል ወደ እኛ እንደ ደረሰ ያሳያሉ። ክርስቶስ ለእኔ እንደ ሞተና እንደ ተነሣ በልብ ማመን ግን የብራና ሥራ አይደለም። ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም፥ ሰው በገዛ አእምሮውና ኀይሉ ወደ ክርስቶስ ሊመጣ እንደማይችል፥ የሚጠራውም መንፈስ ቅዱስ እንደ ሆነ አስተምሯል። እርሱው ደግሞ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሕፃኑ ኢየሱስ በተጠቀለለበት ጨርቅ መስሏቸዋል። ጨርቁ ተራ ነው፤ ሕፃኑ ግን በእርሱ ውስጥ ይገኛል። ጨርቁን ንቆ የሚጥል ሕፃኑን አያገኝም፤ ጨርቁን ብቻ የሚቈጥርም ሕፃኑን ሳያይ ይመለሳል።

እንግዲህ ያ ወጣት በማግሥቱ ወደ ሽማግሌው ይሂድ። በትሕትና አጠገባቸው ተቀምጦ፥ «አባባ፥ ትናንት የመለስሁልዎ ግማሹን ብቻ ነበር። በልቤ ያለው ደስታ እውነት ነው፤ ነገር ግን እምነቴ በደስታዬ ላይ አልቆመም። ሰዎች አይተው በመሰከሩት፥ በአንድ ቦታና በአንድ ዘመን በሆነ ነገር ላይ ቆሟል። ፈቃድዎ ከሆነ የሉቃስን ወንጌል አብረን እናንብብ» ይበላቸው። ሽማግሌው ቢቀበሉም ባይቀበሉም፥ ወጣቱ በዚያች ሌሊት በሰላም ይተኛል። ልቡ በሚቀዘቅዝበት፥ ጸሎቱም በሚደርቅበት ቀን እንኳ፥ የሆነው ነገር እንዳልሆነ አይሆንምና።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፥ ቃልህን በብዙ እጆች አሳልፈህ ለእኛ ስላደረስህልን እናመሰግንሃለን። ሳንፈራ እንድንመረምረው፥ መርምረንም አንተን እንድናገኝበት እርዳን። አሜን።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ሉቃስ ወንጌሉን የጻፈበት ምክንያት ምንድር ነው?
2. ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችን ምን እንደሚሆን ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 እንዴት ይናገራል?
3. ሌላ ሃይማኖት ያለው ጎረቤታችሁ ስለ መጽሐፋችሁ ቢጠይቃችሁ፥ በእውነትና በፍቅር ምን ትመልሳላችሁ?